የድንጉላ ንብ አያት

የያዙኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ስለ ወንዱ ንብ፣ ስለ ድንጉላው፣ እያስተማርኩ ሰሌዳው ላይ «ድንጉላ ንብ አባት የለውም» ብዬ ጽፌ ዞር ስል፣ ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ «የታሰሩት ተማሪዎቻችን የት ናቸው?» ብዬ መጠየቄ ነው። አንደኛው ሰሌዳውን አይቶ «ይሄንንም እዚያ ታስረዳናለህ» አለኝ፣ ተማሪዎቼ ፊት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያስገቡን ክፍል አራት እርምጃ በአምስት ቢሆን ነው። አሥራ አራት ሰዎች ነበርን። ጣሪያው ከረፋድ ጀምሮ ይግላል፤ ሐይቁ ቅርብ ነው ይባላል እንጂ ነፋሱ አንድ ቀን እንኳ ደርሶን አያውቅም። ቦታ የለቀቀልኝ መናኸሪያ ላይ የተያዘ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። «ቲቸር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ብሎ ግማሽ ፍራሹን ሰጠኝ።

ሰውየው አይበላም። ከየቤታችን የሚመጣልንን ቀላቅለን በአንድ ላይ ነው የምንበላው፤ እሱ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ምን ሆነህ ነው ስለው ነገረኝ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ቱላ ላይ ያሳደገችው እናቱ ብቻዋን ናት፤ አባትየው እሱ ሳይወለድ ጠፍቷል። መታወቂያው ላይ በአባት ስም ቦታ ያለው የእናቱ አባት ስም ነው። በተያዘ ዕለት መዝጋቢው ፖሊስ «ይሄ አባትህ ነው?» ሲለው፣ የዋህ፣ «አይ፣ አያቴ ነው» አለ። ፖሊሱ ስሙን ሰርዞ «አባት፦ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ።

እናቱ በየጠዋቱ ቆጮዋን በፌስታል ይዛ በር ላይ ትቆማለች። የልጇን ስም ከአባቷ ስም ጋር ትናገራለች። ያው ፖሊስ መዝገቡን ገልጦ «በዚህ ስም የታሰረ የለም» ይላታል። ይህን ለልጁ የነገረው ምግብ ከበር የሚያመላልሰው እስረኛ ነው፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ ቢል ዱላ አለ። ትናንት «ሬሳ ቤትም ሄጄ አጣሁት» ስትል ሰምቷታል።

«አስተካክሉልኝ ብዬ ለመንኩት» አለኝ። «ዲቃላ ምን ስም አለው አለኝ።»

ደሜ ፈላ። ግን ምን አቅም አለኝ? የማውቀው ንብ ነው፣ ስለ ንብ ነገርኩት።

«እውነት አባት የለውም?» አለ።

«የለውም። ንግሥቲቱ ያልዳበረ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያ ድንጉላው ይፈለፈላል። ቅጠል የሚመጠው ተባይ፣ ክሽክሽም፣ አንዳንድ እንሽላሊትም ያለ ወንድ ይወልዳሉ። ድንጉላው ግን አያት አለው። እናቱ አባት አላትና።»

ቀና አለ። «እንደኔ በሉኛ!»

«አንተማ አባት አለህ፤ ጠፋ እንጂ።»

«እሱን ይተዉት ቲቸር። ድንጉላው ይሻላል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ቆጠራ ነበር። ግቢው ውስጥ ያሰልፉናል፤ ምግብ ያመጡት ቤተሰቦች ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ይቆማሉ። ያው መዝጋቢ ፖሊስ ስማችንን ይጠራል፣ እኛ የአባታችንን ስም መልሰን እንሻገራለን፤ ከዚያ ሌላ ቃል መተንፈስ ዱላ ያመጣል። የባጃጅ ነጂው ተራ ሲደርስ ግን ፖሊሱ ስሙን ሳይጠራ «ያልታወቀ» ብሎ ያልፈዋል፣ ጓደኞቹም ይስቃሉ።

ስሜ ሲጠራ የእናቴን ስም መለስኩ።

«የአባት ነው የተባልከው!»

ደገምኩት፣ ጮክ ብዬ። በጥፊ አጮለኝ። ከኋላዬ ያለው ሲጠራ እሱም የእናቱን ስም መለሰ። ሌላውም ተከተለ። አልተማከርንም፣ ግን ሁላችንም ስንት ቀን አርረናል። ባጃጅ ነጂው ተራው ሲደርስ «ያልታወቀ» እስኪባል አልጠበቀም። ደረቱን ነፍቶ የእናቱን ስም ጮኸ።

 ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት «አቤት!» አለች። «አቤት ልጄ! አለሁ! አለህ?»

«አለሁ እማዬ!»

ውጪ የቆሙት ቤተሰቦች ሁሉ ቆርቆሮውን ይደበድቡ ጀመር። እኛን እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አቆሙን። ፌስታሉ ግን ገባ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ጆሮ በኋላ «የለም» ማለት አልተቻለማ። ቆጮውን እየቆረሰ በመጀመሪያ ለእኔ አጎረሰኝ። ጉንጬ አብጦ ማኘክ አቅቶኝ ነበር፣ ዋጥኩት።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ «ውጣ» ተባልኩ። አሁንም ያንኑ ትምህርት አስተምራለሁ። እሱም ተፈቷል፤ ባጃጁን መናኸሪያ አካባቢ አንዳንዴ አየዋለሁ፤ ሌሎች ጥቅስ በሚለጥፉበት የኋላ መስታወት ላይ የእናቱን ስም አስጽፏል። ፖሊሱንም አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ትንሽ ልጁን አቅፎ አየሁት።

ጓደኞቼ ይቅር በለው ይሉኛል። ለጥፊው ይቅር ብየዋለሁ። እናትየው ልጇን ሬሳ ቤት ገብታ የፈለገችበትን ቀን ግን ይቅር የምል እኔ ማን ነኝ?