ፈርም ያለችኝ እሷ ናት

ሚስቴን ከሞት አፍ አወጣሁ፤ ዘመዶቿ ግን «ማህፀኗን ያስወጣህ አንተ ነህ» ብለው እሷንም ልጄንም ወሰዱብኝ። የተሠራብኝ በደል ይሄ ነው። ይሄን የምጽፈው ወረባቦ ተቀምጣችሁ ስሜን ከገበያ ገበያ ስታንከባልሉት ለከረማችሁ ነው፤ ደግሞም እንደኔ ሞፈሩን ጥሎ ኮምቦልቻ ለወረደ ሰው ነው፤ ነገ እሱም ላይ እንዳይደርስ።

ከወረባቦዋ ቢስቲማ የወጣነው ሊነጋጋ ሲል ነው። የአባቴ መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ለኔ የደረሰኝ በሬ የማያዞር ቁራሽ ነበር፤ ያንን ይዤ ምን ልሁን? ዘሀራ ሆዷ ገና መግፋቱ ነው። እናቷ፣ አማቴ ከድጃ፣ በር ላይ ቆመው አላሳልፍ አሉን።

«የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ሆዷን ይዘህብኝ የት ትሄዳለህ?»

«ኮምቦልቻ ሐኪም ቤት አለ እማ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ። አማት ፊት ቀና ብሎ መናገር በኛ አገር ነውር ነው።

«ሐኪም ያርሳታል? ሐኪም ገንፎ ያገነፋል?»

በመጨረሻ ቀኗ ሲደርስ እሳቸው ራሳቸው ወርደው ሊያርሷት ተስማማን። ሐይቅን አልፈን፣ ደሴን በጭጋጓ ውስጥ አልፈን፣ ያንን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ዘሀራ ጋቢዋን አወለቀች። «እዚህ አገር ሰው ምን ለብሶ ይኖራል?» አለችኝ። ላብ ለብሶ ነው የሚኖረው። እናንተ ዘንድ ሰው ባያውቅህም ሰላምታ ያወርድልሃል፣ ከብትህን ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ ይልሃል። እዚህ ግድግዳ የተጋራህ ጎረቤት ስምህን ሳያውቅ ዓመት ይከርማል። ወተቱ ውሃ ነው፣ ውሃው ደግሞ ጨው ጨው ይላል። የተቀጠርኩበት የክር ፋብሪካ የጥጡ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ቤት ሠራ። ሱፐርቫይዘሩ ስሜን ትቶ «አንተ የገጠሩ» ይለኛል፤ እሱ ራሱ የኩታበር ገጠር ልጅ ነው።

ቤት ያከራዩን እትዬ የሺ የሚባሉ መበለት ናቸው።

«ስንት ናችሁ?» አሉ።

«ሁለት።»

የዘሀራን ሆድ አዩ። «ሁለት ነው ያልከኝ?»

«ሦስተኛው ገና አልመጣም።»

«ሲመጣ አስቀድሞ ያሳውቀኝ። በዚህ ግቢ ውሃ በተራ ነው፤ ዳይፐር፣ ጨርቅ፣ ምናምን ብሎ ቧንቧዬን የሚጨርስ ሕፃን አልፈልግም።»

ፊደል የቆጠርኩትም ያኔ ነው። ከሥራ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ነበር፣ ገባሁ። ስሜን የጻፍኩ ቀን ወረቀቱን ለዘሀራ አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችውና «ይሄ ብቻ ነህ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሴት ልጅ ወለደች፣ ነጃት አልናት። ጤና ጣቢያው አልጋ የለም ብሎ እዚያው ዕለት አስወጣን። ነርሷ «ማሻአላህ፣ ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ውሰዳቸው» አለችኝ። ደህና ናቸው ማለት ሰው በሁለት እግሩ ቆሞ በር ማለፍ ከቻለ ነው ለካ።

አማቴ ቅቤና በሶ ተሸክመው ወርደው ይጠብቁን ነበር። በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት መስኮቱን ዘጉ፣ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀሉ፣ ጂን እንዳይቀርባት ከራስጌዋ ብረት አስቀመጡ፣ እኔን ደግሞ አስወጡ። አራስ ቤት ወንድ አይገባም፣ አርባ ሳይሞላት እሷም ደጅ አትወጣም። እኔ የሥራ ጓደኛዬ ዘንድ እያደርኩ ጧት ማታ መጋረጃው ጥግ ቆሜ እጠይቃለሁ።

«ዘሀራ፣ እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ» ትለኛለች። ድምጿ ግን በየቀኑ እየቀጠነ ሄደ።

«እማ፣ ምን ሆናለች?» ስል፦

«አብሽር፣ ብርድ ገብቷት ነው። አራስ ያተኩሳታል» ይሉኛል።

ብርድ! ኮምቦልቻ! እዚያ ከተማ ብርድ ቢገኝ ሰው ተሰልፎ ይገዛው ነበር።

አንድ ቀን ከጧቱ ሺፍት ወጥቼ ስመጣ ዘሀራ ከመጋረጃው ወዲያ ጥጃ ትጠራለች። የቢስቲማን ጥጆች፣ የእናቷን፣ በየስማቸው። «እማ፣ ማንን ነው የምትጠራው?» አልኩ።

«ተለክፋ ነው» አሉኝ፣ እያለቀሱ። «ሼሁ ዱዓ አድርገውላታል፣ ይለቃታል። ግን ደጅ እንዳታወጣት! የደጁን ፀሐይ ካየች ይዟት ነው የሚሄደው።»

እትዬ የሺ ከቧንቧው ሥር ቀና አሉ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። «ስማ፣ እኔ የሃይማኖታችሁን አላውቅም» አሉኝ። «ሽታው ግን አጥሬን አልፏል። ይሄ ጂን አይደለም፣ የበሰበሰ ነገር ነው። ጂን ቢሆን ደግሞ ይሄን ያህል አይሸትም፣ ሰው ነው የሚሸተው።»

አማቴን በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኋቸው። «እማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩና መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሰውነቷ እንደ ምጣድ ይፋጃል። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸከምኳት። አማቴ ነጃትን ታቅፈው «አወጣት! ልጄን ለጂን ሰጣት!» እያሉ እስከ አስፋልት ተከተሉኝ። የባጃጁ ሾፌር ዞሮ አየንና «ወንድሜ፣ ታማሚ ናት ወይስ ሌላ? ሌላ ከሆነ አልጭንም» አለ። «ንዳ አቦ!» ብዬ ጮህኩበት።

ጤና ጣቢያው አያት፣ ደሴ ትሂድ አለ። አምቡላንስ አለ፣ ነዳጅ የለውም። ነዳጅ ቢገኝ ደግሞ ሾፌሩ የለም። በሚኒባስ ወጣን። ሽታው ሲነሳ ተሳፋሪው መስኮት ከፈተ፣ የደሴ ብርድ ገባ፣ አንዱ ደግሞ «ኧረ ለአራስ ዝጉላት» አለ። ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ከፈቱ፣ እንዲህ እያልን ዳገቱን ጨረስን።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው አስቆመኝ። «መታወቂያ።»

«ሚስቴ እየሞተች ነው!»

«እየሞተች ያለችው እሷ ናት። አንተ አትሞትም፣ መታወቂያህን አሳይ።»

ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት፣ ነገር አታስረዝምም። ከእንግዴ ልጁ የተወሰነው ሳይወጣ ቀርቷል አለች። የቀረው ውስጥ በስብሶ ማህፀኗን መርዞታል፣ መርዙ ወደ ደሟ ገብቷል። «ኦፕሬሽን አድርገን ማህፀኑን ካላወጣን አናተርፋትም። ባሏ ነህ? ማንበብ ትችላለህ ወይስ በአውራ ጣትህ ትፈርማለህ?»

«እችላለሁ» አልኩ። ኩራት እንኳ ተሰምቶኝ ነበር መሰለኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ጮክ ብዬ ፊደሉን እየቆጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። «ማህፀን» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወረባቦ ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ የወለደች ሴት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ።

ዘሀራ ከቃሬዛው ላይ ዓይኗን ገለጠች። ጥጃ ከምትጠራበት ተመልሳለች። በመርፌው ይሁን በብርዱ እንጃ፣ ልቧ ግን ተመልሷል። «ምን ይላል?» አለች።

«ማህፀንሽ ይውጣ ይላል።»

«ካልወጣስ?»

ሐኪሟ ሰዓቷን አየች፣ እኔ ወረቀቱን።

«ነጃት ማን አላት?» አለች ዘሀራ። «ፈርም።»

አልፈረምኩም።

«ሰይድ፣ ፈርም አልኩህ!»

ፈረምኩ።

በማግስቱ አማቴ ነጃትን አዝለው፣ የዘሀራን ወንድም ሐሰንን አስከትለው መጡ። «ማን ፈቀደ?» አሉ። «እኔ ፈረምኩ» አልኩ። ምን ቸገረኝ? ዘሀራ ስትነቃ ራሷ ትነግራቸዋለች ብዬ ነው። ነቃች። እናቷ አልጋው ላይ ተደፍተው «ልጄ፣ ሲያስቆርጥሽ ታውቂ ነበር?» አሏት። ዘሀራ እኔን አየችኝ፣ እናቷን አየች፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በቃ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ነገሩ የኔ ብቻ ሆነ።

እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አንድ ያገር ልጅ ዘንድ እያደርኩ እስክትወጣ ድረስ ሾርባ አመላለስኩ። የወጣች ቀን ሾርባዬን ይዤ ስመጣ አልጋው ባዶ ነው። «ቤተሰብ ወሰዳት» አሉኝ። «እኔ ማን ነኝ ታዲያ?» አልኩ። ነርሷ ትከሻዋን ነቀነቀች።

ስልክ ስደውል ሐሰን ያነሳል። «ሴትነቷን ለሐኪም ሸጠህ ደግሞ ትደውላለህ?» ይለኛል። «ድሮስ ፊደል መቁጠርህ ለዚህ ነው። ባትማር ኖሮ አትፈርምም ነበር።»

«በአውራ ጣቴ እፈርም ነበር» አልኩት። ዘጋው።

ስለምነው ስልኩን ለሷ ይሰጣታል። «ዘሀራ፣ ለምን አትነግሪያቸውም?» እላለሁ። ከጀርባ ነጃት ስትንጫጫ ይሰማኛል። «ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንተ ደህና ነህ?» ትላለች። ያን ጊዜ ስልኩን ግድግዳ ላይ ልፈጠፍጠው ይቃጣኛል። የገዛ አጎቴ ደግሞ ከወረባቦ ደውሎ «ምን ያንገበግብሃል? ሸሪዓው ይፈቅዳል፣ የምትወልድ አግባ» አለኝ። የሰው ምክር እንዲህ ነው። በሬ የሞተበት ሰው ይመስል ሌላ አምጣ ይሉሃል።

ኮምቦልቻ ክፍሌ ውስጥ መጋረጃው እንደተሰቀለ ነበር። እትዬ የሺ እንኳ አንድ ጠዋት «ቧንቧው ዘንድሮ ዝም አለ» አሉኝና መልሰው አፈሩ።

በመጨረሻ ነገሩን ለአባጋር ሰጠሁ። አባጋር እንኳን ባልና ሚስት ደመኛም ያስታርቃል። እናቷ ደጅ፣ ወይራው ሥር ተቀመጥን። ሴቶቹ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ፤ ዘሀራ ነጃትን ታቅፋ ከእናቷ ጎን ናት። ከስታለች፣ ግን ደም ፊቷ ላይ ተመልሷል። ያንን ደም ማን መለሰው?

ሁሉንም ተናገርኩ። «ፈርም ያለችኝ እሷ ናት፣ ወላሂ» አልኩ።

አባጋሩ ወደ ዘሀራ ዞሩ። «ልጄ፣ ብለሽዋል?»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስረው ልጃቸውን ያያሉ። ዘሀራ የነጃትን ጫማ ማሰር ጀመረች፤ የታሰረውን ፈትታ እንደገና።

«ምስክር አለህ?» አሉኝ።

«አላህ።»

«አላህማ ለሁላችንም ነው። ሰው ስጠን።»

ሐኪሟን ከደሴ አምጥቼ ወይራ ሥር ላስቀምጣት? አባጋሩ ክንዴን ይዘው ከአጥሩ ወዲያ ወሰዱኝ።

«ሰይድ፣ የምትፈልገው እውነቱን ነው ሚስትህን?»

«ሁለቱንም።»

«ሁለቱን ባንድ ላይ የሚሰጥ ሽምግልና እኔ አላውቅም» አሉኝ።

እንግዲህ ያየ አይቷል፣ ያላየም ሰምቷል። ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ አማቴ እግር ሥር ሄድኩ። «አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አልኩ። ያላጠፋሁትን። አማቴ ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱልኝ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ «ሳታውቅ ነው፣ ልጄ» ብለው አለቀሱ። በግ ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ሐሰን ትልቁን ሥጋ ለኔ አነሳልኝ። በላሁት፣ ምን ላድርግ።

ወደ መኪናው ስንወርድ ነጃትን እኔ ታቀፍኳት፣ ዘሀራ ከኋላ ከኋላዬ ትመጣለች። ቢስቲማ መናኸሪያ ልንደርስ ስንል አላስችል አለኝ።

«አንዲት ቃል ነበረች ዘሀራ። አንዲት ቃል። ለምን ከለከልሽኝ?»

ቆመች። «እሱን ካልኩ ቀጥሎ የሚጠየቀው ምን ነበር?» አለችኝ። «ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ቀን ዘግቶብሽ የከረመው ማነው ይባላል። እናቴ ይሄን ሰምታ ታድራለች? እሷ አትችለውም። አንተ ትችለዋለህ።»

እችለዋለሁ ወይ? ይኸው ኮምቦልቻ ተመልሰን፣ የነጃት ጨርቅ ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ እትዬ የሺ ስለ ቧንቧቸው እየጮሁ፣ እኔ እስካሁን ያንን ነው የማሰላስለው። አማቴ በየጁምዓው ይደውላሉ። «ይቅር ብዬሃለሁ እኮ፣ አብሽር» ይሉኛል። ዘሀራ ስልኩን ይዛልኝ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ኑሩልኝ እማ» እላለሁ።

እነሱ ነገሩ አለቀ የሚሉት በአረፋ ማግስት፣ ድንጋዩ ከአንገቴ የወረደ ዕለት ነው።