በአጎቴ አፍ የሰማኋቸው የአሰብ መንገዶች

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕርን በዓይኔ ሳላይ፣ የአሰብን የእግር መንገዶች ከገዛ ሰፈሬ ከኮልፌ መንገዶች ይልቅ አውቃቸው ነበር። ከወደቡ በር ተነሥቶ በጨው ኩሬዎቹ ዳር የሚያልፈውን፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ወደሚያሰጡበት የዘንባባ ጥላ የሚወስደውን፣ ከሁሉም በላይ ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ብቅ ብሎ ወደ አንዲት ትንሽ የአሸዋ ደሴት የሚያደርሰውን መንገድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምሄድበት ይመስለኝ ነበር። እነዚህን መንገዶች የነገረኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አጎቴ ወልደ ሰንበት ነው።

አባቴ ያኔ በዚያችው በአሰብ በወደብ ሠራተኛነት ይኖር ስለነበር ቤታችንን የሚያየው ከስንት ጊዜ አንዴ ነበር። አጎቴ ደግሞ በግቢያችን ባለች አንዲት ክፍል ይኖር ነበር። ክረምት ገብቶ ኮልፌ በጭቃ ስትያዝ፣ ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ሲከተት፣ እናቴ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ እስኪወጣለት ጠብቃ፣ ፍሙ ሲቀላ ማንደጃውን ወደ ውስጥ ታስገባለች። አጎቴ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ እኔና የጎረቤት ልጆች እግሩ ሥር እንኮለኮላለን፤ ፋኖሱ የፊቱን ግማሽ ብቻ ያበራዋል። እንደ ሌሎች ሽማግሌዎች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ አይደለም የሚያወራው። «እኔ በጎልማሳነቴ አሰብ ሳለሁ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርግና ይቀጥላል።

«ፀሐይ ሳትበረታ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ከወደቡ በር እወጣለሁ። በስተግራዬ ያለው ጨው በረዶ የወረደ ይመስላል። መንገዱን ቀያይ ሸርጣኖች ያቋርጡታል፤ ሸርጣን የረገጠ ሰው ቀኑ አይቀናውም ይባላል።»

«ሸርጣኖቹ ወዴት ነው የሚሄዱት?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ምሽት።

«አቤት ችኮላ! እሱ የሌላ ጊዜ ወግ ነው።»

ያ ሌላ ጊዜ የመጣው ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነበር። ሸርጣኖቹ ወደ ባሕሩ ወርደው ጀርባቸውን አርሰው እንደሚመለሱ ነገረኝ። መልሱ ለምን እንደዘገየ ያኔ አልጠየቅሁም።

የአባቴን ደብዳቤ የሚያመጣልን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ እኔም ገና «ሀ ሁ»ን አልጨረስሁም ነበር፤ ስለዚህ የሚያነብልንም፣ መልሱን የሚጽፍልንም አጎቴ ነበር። «ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ካለ በኋላ አንድ ሁለት ነገር ጨምሮ ወረቀቱን ያጥፈዋል።

«ጋሼ፣ ሦስት ሉክ ሙሉ ወረቀት ይኸው ብቻ ነው?» ትለዋለች እናቴ።

«ባልሽ ፊደሉን እንደ በሬ አግዝፎ ይጽፋል፤ እኔ ምን ላድርግሽ?»

እናቴ ትስቃለች። «ለእኔስ?» እላለሁ እኔ። «ሰላም ብሎሃል» ይለኛል። ሁልጊዜ ሰላም ብቻ። ያንን ሁሉ ባሕር እያየ ለአንድ ልጁ ከሰላምታ የዘለለ ቃል የሌለውን አባት ቀስ በቀስ ተቀየምሁት። ፍቅሬን ሁሉ እዚያው በርጩማው ላይ ለተቀመጠው ሰው ሰጠሁ።

አንድ ክረምት አባቴ ፈቃድ አግኝቶ መጣ። በሁለተኛው ምሽት ማንደጃው ገብቶ ሁላችንም እንደተቀመጥን አባቴ ወደ ጎኑ ሳብ አደረገኝ።

«አንተ፣ ሸርጣኖቹ ወዴት ይሄዳሉ ብለህ አስጽፈህ እኔን ስታስቀኝ ከረምህ! መልሴ ደረሰህ?»

«እኔ የጠየቅሁት አጎቴን ነው» አልሁ። እንደ እንግዳ ሰው አንቱ ብዬውም ጨመርሁ፤ «አጎቴ አሰብን ከእርስዎ ይበልጥ ያውቃታል።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሽ ወልደ ሰንበት? እሳቸው ከሰንዳፋ ወዲያ መች አልፈው ያውቁና!»

ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። አጎቴ ፍሙን በመቆስቆሻው ያገላብጥ ጀመር። እኔ አጎቴ ተነካብኝ ብዬ በቁጣ ተነሣሁና መንገዶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኋቸው፤ ጨዉን፣ ዘንባባውን፣ ውኃው ሳይመለስ በፍጥነት መሻገር የሚያሻውን የደሴቱን መንገድ። እየተናገርሁ ቀና ብል የአባቴ ከንፈሮች ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሱ ነበር። ቃሎቹን በልቡ ያውቃቸዋል። የራሱ ቃሎች ነበሩ።

«ለእሱ የጻፍሁትን አላነበቡለትም?» አለ አባቴ በዝግታ።

«ልጁ አንተን እንዳይናፍቅ ብዬ ነው።»

«እኔ የጻፍሁት እንዲናፍቀኝ ነበር።»

አጎቴ መቆስቆሻውን ማንደጃው ጠርዝ ላይ አጋደመው።

«በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ‹ስታድግ አብረን እንሄድበታለን› ብዬው ነበር፤ እሱንስ ነገሩት?»

አጎቴ በተረቱ ውስጥ ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚሄደው። አባቴ ይህን ከፊቴ አነበበው መሰለኝ፤ «ወረቀቶቹን ስጡኝና እኔው ላንብብለት» አለ። ያን ጊዜ እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አጎቴ ከሰል ማቀጣጠያ ብሎ የሚሰጣት ወረቀት የትኛው እንደነበር ገብቷት ኖሯል። «በገዛ እጄ!» አለች፤ «እኔው በገዛ እጄ!»

አባቴ አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መስከረም ሲጠባ ተመልሶ ሄደ። በተከታዩ ዓመት ማንበብ ስለቻልሁ ደብዳቤዎቹን እየከፈትሁ ራሴ አነበብኋቸው። አጫጭር ነበሩ፤ ጤናችንን ይጠይቃሉ፣ እናቴን እንድታዘዝ ይመክራሉ። አንድም መንገድ አልነበረባቸውም። ጻፍልኝ ብዬ እንዳልለምነው ያች «ከእርስዎ ይበልጥ» ያልኋት ቃል ከለከለችኝ፤ እኔም ብሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አንገቴ የማይታጠፍ ሰው ነበርሁ። አባቴ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እዚያው ሥራው ላይ እንዳለ አረፈ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው።

አጎቴ ብዙ ኖረ። የጎረቤት ልጆች «አሰብን ንገረን እንጂ» ሲሉት «ረሳሁት» ይላቸው ነበር። እኔ እንደ ወጉ እጅ እየነሣሁ አለፍሁት እንጂ ከዚያች ምሽት ወዲህ እግሩ ሥር አልተቀመጥሁም። ሲሞት ከመቃብሩ ዳር ቀጥ ብዬ ቆምሁ፤ አላለቀስሁም። «ክፉ ሰው አልነበረም፤ የትም ሳይደርስ የቀረ ሰው ነው፤ ቢያንስ ያንን ሁሉ ነግሮሃል» የሚሉኝ አሉ። እውነታቸውን ይሆናል። ቢሆንም ለእኔ የተጻፈውን ከእኔ ወስዶ ለእኔው እንደ ስጦታ ሲሰጠኝ፣ እኔም እጁን ስስም እንደነበር ሳስታውስ፣ ይቅርታው ከአፌ አይወጣም።

ዛሬ ሐኪም አዝዞኝ በየማለዳው ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ ዳር በዱላ እሄዳለሁ። አሰብን አላየኋትም፤ አሁን ድንበር ማዶ ናት፣ የእኔም ዕድሜ የሚፈቅደው አይደለም። እየሄድሁ ግን አንዳንድ ጊዜ የደሴቱን መንገድ በአባቴ ድምፅ ለመስማት እሞክራለሁ። ጨዉ ይመጣልኛል፣ ሸርጣኖቹ ይመጡልኛል፣ ውኃው ሲመለስ ይታየኛል፤ የሚናገረው ግን ሁልጊዜ አጎቴ ነው፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። አባቴ ለእኔ ብሎ የጻፋቸውን መንገዶች አንድም ሳይቀር አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው ቃል ላይ «ልጄ» ብሎኝ እንደነበር ግን አላውቅም።