በደረቅ ቅጠል ላይ የተንጠለጠለች ጎጆ

ጉንችሬ ከተማ የተከራየሁት ቤት ጓሮው በሙሉ እንሰት ነው። ሰሜን ተወልጄ ስላደግሁ ለእኔ እንሰት ሁሉ አንድ ነበር፤ አከራዬ ግን እያንዳንዱን በዕድሜው ያውቁታል። እትዬ እላቸዋለሁ።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ ሳለ ከትልቁ እንሰት ደረቅ ቅጠል ላይ ጉድፍ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁ። ጉድፉ አፍ አለው! ከአፉ ውስጥ ምንቃሯ ወደ ታች የታጠፈ ትንሽዬ ግራጫ ወፍ ብቅ አለች። ብሩሹን ከአፌ ሳላወጣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ የአበባ ማር ስለምትመጥ ወፍ ስንት ዓመት አስተምሬአለሁ፣ ጎጆዋን ግን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቁርስ ማን አስታወሰ! ጎጆው በሸረሪት ድር የተሰፋ ነው፤ ከበሩ በላይ ዝናብ የሚከለክል ትንሽ ጣሪያ አለው። ሁሉንም የሠራችው ሴቷ ናት። አረንጓዴና ወይን ጠጅ የሚያብረቀርቀው ባሏ እንሰቱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከመዝፈንና ከጎረቤት ከመጣላት በቀር አንዲት ሣር አላቀበላትም። ሁለት ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ደግሞ ሸረሪት እየለቀመች ታጎርሳቸው ጀመር። ድሩን ለቤት፣ ሸረሪቷን ለምሳ! እንዲህ ያለ ብልጠት አይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ማታ እትዬ ቅስሜን ሰበሩት። «ቅዳሜ የጎረቤት ሴቶች ለእንሰት ፍቂያ ይመጣሉ። ያንን ትልቁን ነው የምንነቅለው።»

«አንድ ሳምንት ብቻ ይታገሡኝ!» አልኩ።

«ተራ ነው እኮ መምህር። ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለሌላዋ። ተራዬ ካለፈ ማን ይፍቅልኛል? እንሰቱም አበባ ሊያወጣ ነው፤ ካበበ ቆጮ አይሆንም። ቅጠሉን ከነጎጆው ቆርጠን ጎረቤቱ እንሰት ላይ እናስረዋለን።»

«እንዳይነኩት! የሰው እጅ ከነካው እናትየዋ ትተወዋለች!» ሰኞ ክፍል ውስጥ ይህንኑ አስተምሬ፣ በደብተር አስጽፌም ነበር።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጆቿን በምን አንጀቷ ትተዋለች?»

ቅዳሜ ሴቶቹ ቅጠሉን ከነጎጆው ቆርጠው፣ አጠገቡ ያለው እንሰት ላይ በዚያው ከፍታ በቃጫ አሰሩት። ትልቁ እንሰት ተነቅሎ ወደቀ። ወፏ ሸረሪት ይዛ መጣች፤ በቀጥታ ጎጆዋ ወደነበረበት ቦታ። ምንም የለም። ባዶው አየር ላይ ተርገበገበችና ሄደች። እንደገና መጣች፣ እንደገና ሄደች። እነዚያ አፋቸው የማይዘጋ ሴቶች ማንም ሳያዛቸው መፋቂያቸውን ይዘው ጸጥ አሉ። እኔ ጣቴን ነክሻለሁ። በሦስተኛው ጫጩቶቹ ጮኹ፤ ዞር አለች፤ ገባች!

«ገባች!» ብዬ ዘልዬ ጮህኩ። ደንግጣ በርራ ወጣች።

«አንተ ሰው!» አሉ እትዬ፣ «ልጆቿን የሚያስጥላት የእኛ እጅ አይደለም፣ ያንተ አፍ ነው!» ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አፌን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ተመልሳ መጣች።

በሳምንቱ ሐሙስ እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። ክፍል ውስጥ ስልክ የጮኸበትን ተማሪ የማስወጣ ሰው ነኝ፤ የእትዬን ስም ሳይ ግን አላስቻለኝም፣ አነሣሁት። ድምፃቸው ያለ ስፒከር ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

«መምህር፣ ወጡ! ሁለቱም በረሩ! እናትየዋ አሁንም እያጎረሰቻቸው ነው! ስማ፣ ስማ!»

ቀጭን ጭርጭርታ ተሰማ። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም። እየተንተባተብኩ ታሪኩን ነገርኳቸው። ፊት ወንበር ያለችው ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የሰው እጅ ከነካው ትተወዋለች ብለውን አልነበር?»

«ብዬ ነበር» አልኳት። «ደብተራችሁን አውጡና ሰርዙት።»