ጦይባ ያላመጣችው ምሳሌ

ሀኒፋ ጦይባን አትወዳትም ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው፤ ስሟ ሲጠራ እንኳ ፊቷ ይጠቁራል። ጥላቻው የተጀመረው የሱዳኑ ጦርነት ሳይመጣ፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ነው። ኡስታዝ አብዱልወሃብ በየጁምዓው ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ለሀበሻ ቤት ሠራተኞች እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር።

ኡስታዙ አንድ አጉል ደንብ ነበራቸው። ሰሌዳ ላይ አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ እያንዳንዷ ተማሪ በዚያ ቃል ከገዛ ኑሮዋ እውነተኛ ምሳሌ ካላመጣች ወደ ሌላ ቃል ንቅንቅ የለም። የያኔው ቃል «ራን» ነበር። መሮጥ ነው ብለው ጀመሩ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሲወርድም ራን፣ ሱቅ ማስተዳደርም ራን፣ ስኳር ሲያልቅም ራን፣ የልጅ ንፍጥ ሲዝረበረብም ራን ሆነ።

«ምን ዓይነት ጉድ ነው! እነዚህ ሰዎች ሌላ ቃል የላቸውም እንዴ?» አለች ሀኒፋ።

እሷ እቴ ለቀልድ ጊዜ የላትም። የወሎ ልጅ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። የምትሠራበት ቤት ልጅ ስለማያስገባ፣ ልጇን አብራርን ካላክላ ሰፈር አንዲት ያገሯ ሴት ዘንድ አስቀምጣ በሳምንት አንዴ ነው የምታያት። ልጅቷ አማርኛው እየጠፋባት ነው፤ በዐረብኛ «ማማ፣ ዛሬም ትሄጃለሽ?» ትላታለች። አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለች አንዲት ማዳም ግን እንግሊዝኛ የምትሞክር ሞግዚት ከነልጇ እንደምትቀበል ሰማች።

ታዲያ አብራት የምትማረው ጦይባ ጁምዓ በመጣ ቁጥር «አላመጣሁም» ትላለች። ክፍሉ በሙሉ ራን ላይ ተገትሮ ቀረ።

«ኧረ በአላህ! አፍሽን ሰፍተውታል?» ትላታለች ሀኒፋ እርር ብላ። ጦይባ ፈገግ ትላለች።

ሀኒፋም በእልህ የሷንም ድርሻ ልትሸፍን ምሳሌ ትደረድር ጀመር። በምሠራበት ቤት ትዕግሥቴ አለቀ፤ በራን። አዲሷ ማዳም መዋዕለ ሕፃናት ታስተዳድራለች፤ በራን። እሑድ ጠዋት አል-ሳሃፋ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ወዳለው አረንጓዴ በር እሮጣለሁ፤ በራን።

ኡስታዝ አጨበጨቡ። «ይኸው! ከሀኒፋ ተማሩ!»

ጦይባ ተማረች።

እሑድ ጠዋት ሀኒፋ አዲሱን ቶቧን ለብሳ አረንጓዴውን በር ስታንኳኳ የከፈተችላት ጦይባ ናት፤ ሽርጥ ታጥቃ። ከኋላዋ አንድ ሕፃን ሲንደረደር ዞር ብላ «ዶንት ራን!» አለችው፣ ምላሷ ሳይደናቀፍ። ለካ ቅዳሜውኑ ቀድማ ገብታለች።

«ልጅ እንዳለኝ እያወቅሽ?» አለች ሀኒፋ።

«ማዳም የምትፈልገው አንድ ሰው ነው። ኸላስ፣ አለቀ።»

በሩ ተዘጋ። ሀኒፋ በጡጫዋ ደበደበችው። «አላህ ይይልሽ! ወላሂ አልምርሽም!»

ካላክላ ስትደርስ አብራር ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር።

በሚቀጥለው ጁምዓ የጦይባ ወንበር ባዶ ሆነ። ኡስታዝ እጃቸውን አፋተጉ። «በሉ፣ ሁላችሁም ካመጣችሁ ዛሬ ከራን እንገላገላለን። ያላ፣ ሀኒፋ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ሀኒፋ የተቀመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም አፍ አፏን ያያሉ።

«አላመጣሁም» አለች።