እጁን ከጭኑ ሥር ያስቀመጥኩት ተማሪዬ

«ጋሼ፣ ዛሬስ ጠረጴዛ መምታት ይፈቀድልኛል?» አለኝ ጌታነህ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ሞላሌ ከተማ ዳር ባለው በእናቱ ቤት።

ጌታነህ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። አሁን የዩኒቨርሲቲ ባንድ መሪና ከበሮ መቺ ሆኗል። ስድስተኛ ክፍል ሳስተምረው ዴስክ እየመታ ስላስቸገረኝ፣ ዓመቱን ሙሉ እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ እንዲቀመጥ አዘዝኩት። (ቅጣቱ እንዳልሠራ ሁላችሁም ታያላችሁ።)

ዛሬ ባንዱን ይዞ መጣ። መድረኩ ገበያው አጠገብ ተተከለ። እናቱ እትዬ አስካለ፣ ልጃቸው ሲጫወት አንድም ቀን ሰምተውት ስለማያውቁ፣ ከሁሉ ቀድመው ፊት ተቀመጡ።

ባንዱ ሊጀምር ሲል ከመድረኩ ጀርባ ካለ ቤት የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። አንድ አዛውንት አርፈዋል።

ጌታነህ ማንም ሳይነግረው የከበሮ መምቻዎቹን አስቀመጠ። «በለቅሶ ደጅ ከበሮ አይመታም። ዕቃውን ጫኑ» አላቸው የባንዱን ልጆች።

ጌታነህና ባንዱ ነገ በማለዳ ወደ ዩኒቨርሲቲያቸው ይመለሳሉ። እትዬ አስካለ ቤት እስክንገባ ታገሡና፣ «ታዲያ እኔ ሳልሰማህ ልሙትልህ?» አሉት። እየሳቁ ነው ያሉት፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ ዞሮ ፈቃድ የጠየቀኝ።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። «በጣትህ ጫፍ ብቻ» አልኩት።

ቀስ ብሎ መታ። እትዬ አስካለ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በጆሮም በእጅም ሰሙት። እስኪጨርስ ድረስ አንገታቸውን እየነቀነቁ ነበር።

እኔም እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ አዳመጥኩ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እናንተስ በከለከላችሁት ነገር መልሶ የካሳችሁ ተማሪ አለ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።