የአባባ ምስማር

አያታችን አባባ በጉና ስር ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር ነበራቸው። መጀመሪያ የንጉሡ ፎቶ ተሰቀለበት፤ ቀጥሎ የሊቀመንበሩ፣ ከዚያም በተራ የመጡት ሁሉ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አባባ ፎቶውን ያወርዱና፣ «ምስማሩን አትንቀሉት፤ ሌላ ይመጣል» ይሉን ነበር።

«አንቱም አንድ ቀን ፎቶ ይነሱ» ስንላቸው፣ «እኔ የማን ሹም ነኝና» ብለው ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ይስቡታል።

ዛሬ አርባቸው ነው። ከደብረ ታቦር የመጣው ዘመድ ሁሉ ፎቷቸውን ይጠይቀኛል። ምን አባቴ ልበለው? የመጨረሻውን ሹም አውርደን የእሳቸውን ልንሰቅልበት ብንል፣ ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ደጃችንን አንድ ቀን ያልረገጡትን የእነዚያን ሹማምንት ፊት ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ገብስ እየዘሩ ያሳደጉን የአባባ ጠባሳ በየትኛው ጉንጫቸው ላይ እንደነበረ ግን ከእህቴ ጋር ከጧት ጀምሮ እየተጨቃጨቅን ነው። እሷ ግራ ነው ትላለች።