ወደ ዳንኤል ቤት የዞሩ ጣቶች

የአጎቴ ልጅ ዳንኤል፣ እኔ ከፍዬ ለቤቴ ያሠራሁትን ሥራ ወደ ራሱ ቤት አዞረው። በደሉ ይኸው ነው። አላሳንሰውም፣ አላገንነውምም።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት እዚህ ዲላ ያለው ማረፊያ ቤቴ ድረስ የመጣ አንድ ወጣት ነው። ጫማው በቀይ ጭቃ ተለውሶ ስለነበር በረንዳው ላይ አስቀመጥኩትና ሻይ አስመጣሁለት። ስልኩን አውጥቶ ወደ እኔ አስጠጋ።

«ጋሼ፣ የውጭ ሰው ዲላ ውስጥ ማረፊያ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የእርስዎ ቤት አንደኛ እንዲወጣ ላደርግልዎት እችላለሁ» አለኝ።

«እንዴት አድርገህ?» አልኩት፤ መልሱን ከእሱ በፊት ባውቀውም።

«የሌሎች ሰዎች ገጾች ላይ ወደ እርስዎ ገጽ የሚወስድ ሊንክ አስቀምጣለሁ። ብዙ ገጽ ወደ እርስዎ ካመለከተ መፈለጊያው ይሄ ቤት የታወቀ ነው ብሎ ያስባል። እኔ ፍሪላንሰር ነኝ፤ ቢሮ ምናምን የለኝም፣ በርካሽ ነው የምሠራው።»

ሻዩን ሲጠጣ አየሁት። ፊቱ ላይ ክፋት የለም። የዛሬ አሥር ዓመት ምናምን የሠራልኝም ልጅ ክፋት አልነበረበትም።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ትውልዴ ቡሌ ነው፤ ጠዋት ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ሳይነሳ ረፋዱ የሚደርስበት፣ ሰው ከእሳት ዳር መራቅ የሚጠላበት ደጋ። ዳንኤልና እኔ ያደግነው ግቢ ለግቢ ነው። የእሱ አባት ወደ ቆላው ወርዶ ቡና ይነግዳል፤ ልጁን ትምህርት ቤት አስገባ። የእኔ አባት ሞቶ ስለነበር እናቴ ከጎኗ አስቀረችኝ። ዳንኤል ደብተሩ እንዳይረጥብበት ሸሚዙ ውስጥ ወሽቆ ቁልቁል ሲሮጥ፣ እኔ የእንሰት ጉድጓድ እየቆፈርኩ ከጀርባው አየዋለሁ። ያንን ጀርባ እስካሁን አልረሳሁትም። እሱ ዞር ብሎ ያየኝ አይመስለኝም። ቢያየኝ ኖሮ ምን ያደርግልኝ ነበር? ምንም። ግን ዞር ቢል ጥሩ ነበር።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ዲላ ወርጄ የቀን ሥራ ስሠራ፣ ሥራ ስንፈታ በምንማረው የጎልማሶች ትምህርት ነው። አስተማሪዋ በዕድሜ ታናሼ ነበረች። «ሀ በል» ስትለኝ አፈር አፈር በሚሸት እጄ ጠመኔ ይዤ ሀ አልኩ። ከዚያ በኋላ ከተማው ውስጥ ሳላነበው ያለፍኩት ሰሌዳ አልነበረም፤ ፋርማሲውን፣ ፀጉር ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን ዋጋ ሳይቀር እያነበብኩ ነበር የምሄደው። የፈረንጁን ፊደል ግን አላስተማሩንም። እኔም ያስፈልገኛል ብዬ አላሰብኩም።

ሞተር ሳይክል ገዛሁ። ቡና ሲደርስ የሚመጡ የውጭ ሰዎችን ጨለለቅቱ ወስጄ የቡና ማጠቢያ ጣቢያውን አሳያቸው ጀመር። አንዳንዴ ሬኮ ድረስ እንዘልቅ ነበር። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው፤ ከኋላዬ ሆነው ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ፣ ደርሰው ሲወርዱ ግን እጄን ይዘው ያመሰግኑኛል። በዚያ ሥራ ትንሽ ማረፊያ ቤት ሠራሁ። በእናቴ ስም ወርቄ ማረፊያ አልኩት። ሰሌዳውን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ቄው ትንሽ ተንጋዶ ወጣ፣ አላስተካከልኩትም።

ዳንኤል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ነበር። ትምህርት በማይኖርበት ቀን አስተርጓሚ አድርጌ እወስደዋለሁ። መንገዱን የማውቀው እኔ፣ የቡና ገበሬዎቹን የማውቀው እኔ፣ ሞተሩ የእኔ። እንግዶቹ ግን አንገታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። አንድ ነገር ይላቸዋል፣ ይስቃሉ።

«ምን አልካቸው?» እለዋለሁ።

«ተወው፣ በአማርኛ አያስቅም» ይለኛል።

ስንት ሳቅ እንደዚያ አለፈኝ። ስለ እኔ ይሁን ስለ መንገዱ እንኳ አላውቅም።

የቤቴን የኢንተርኔት ገጽ ያወጣልኝ እሱ ነው፤ ይህንን አልክድም። ቆይቶም፣ «ገጹ ብቻውን ዋጋ የለውም፣ ማንም አያገኘውም፤ አዲስ አበባ ሚኪ የሚባል ፍሪላንሰር አለ፣ ሊንክ አስቀምጦ ስምህን ወደ ላይ ያወጣልሃል» አለኝ። ያጠራቀምኩትን ከፈልኩ። በግንቦት አንድ ቅዳሜ፣ አቮካዶ ጁስ የሚሸጥበት ቤት ተቀምጠን ዳንኤል የገጹን አድራሻ ለሚኪ በስልኩ ጻፈለት። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ጁሱ ወፍራም ስለነበር በማንኪያ ነበር የምበላው። ጣቱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ሲነካ በዓይኔ አይቻለሁ። የጻፈው አድራሻ የእኔ አልነበረም። ዓይኔ እያየ ነው የጻፈው።

ጥቅምት ገባ። ቡናው ቀላ፣ የጭነት መኪናው ማጓራት ጀመረ፣ የተፈለፈለው የቡና ገለባ ሽታ በየመንገዱ ዳር ይቀበልሃል። የእኔ ክፍሎች ግን ባዶ ናቸው። ከእኔ በር ትንሽ ወደ ላይ ዳንኤል ቤት እየሠራ ነበር፤ «ለሚስቴ ዘመዶች ማረፊያ ነው» ብሎኛል። ቤቱ አለቀ፤ ዳኒ ማረፊያ የሚል ሰሌዳ ተሰቀለበት። የሚስቱ ዘመዶች ሳይሆኑ ባለ ትልልቅ ሻንጣ ፈረንጆች ይገቡበት ጀመር።

ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የማየው የዳንኤልን የልብስ ማድረቂያ ገመድ ሆነ። ነጭ አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቶበታል። የእኔ ገመድ ላይ የራሴ ካልሲ ብቻ። ነፋስ ሲመጣ አንሶላዎቹ ይነፋሉ፣ ልቤም አብሮ ይነፋል። በረንዳው ላይ የተደረደረውን የእንግዳ ጫማ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን የምሳ ቆጮ ቀርቦልኝ፣ ከእሱ ግቢ ሳቅ ስሰማ ጉርሻውን መልሼ አስቀመጥኩት። ቅናት ይሉታል፤ ይበሉት። የሚቀና ሰው ሁሉ ግን ውሸታም አይደለም።

እውነቱን ያወጣው አንድ ሽማግሌ ሆላንዳዊ ነው። መናኸሪያው ላይ ሞተሬ ላይ ተቀምጬ አገኘኝና ስልኩን አሳየኝ። የዳንኤል ቤት ፎቶ ነው። ከጓሮዬ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አብሮኝ ነበር፤ የት እንዳገኘው ጠይቅልኝ አልኩት። ሽማግሌው እየሳቀ መለሰ።

«ምን አለ?»

«ስለ ውሻ ምግብ የሚጽፍ ገጽ እያነበበ ነበር አሉ» አለ ተማሪው። «መሀሉ ላይ ‹ኢትዮጵያ ዲላ ሲሄዱ ዳኒ ማረፊያ ይደሩ› የሚል አገኘ። ውሻና ዲላ ምን አገናኛቸው ብሎ ገርሞት ከፈተው።»

እዚያው ቆሜ ሚኪ ጋ ደወልኩ።

«ሚኪ፣ እኔ የከፈልኩህ ለየትኛው ቤት ነው የሠራኸው?»

«ለዳኒ ማረፊያ ነዋ ጋሼ። የላካችሁልኝ አድራሻ እኮ እሱ ነው። ምነው፣ አልወጣም እንዴ? እኔ ጋ አንደኛ ነው የሚታየኝ።»

«ወጥቷል» አልኩት። «በደንብ ወጥቷል።»

ሽማግሌውን ዳንኤል በር ላይ አደረስኩትና የሞተሩን ሒሳብ ተቀብዬ ተመለስኩ።

ፍርድ ቤት ብሄድ ምን ብዬ እከሳለሁ? የጠፋ ላም የለም፣ የተገፋ ድንበር የለም። ቡሌ ወጣሁና ሶንጎ ላይ፣ ማለትም ሽማግሌዎቻችን ነገር በሚያዩበት ዛፍ ሥር፣ አቤት አልኩ። ዳንኤልም ተጠርቶ መጣ። ዋናውን ሽማግሌ ሀይቻ እንላቸዋለን፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ነክተው አያውቁም። ሊንክ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ አሰብኩ።

«አባቴ» አልኳቸው፣ «እንግዳ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያድርበት ቤት ይጠይቃል እንበል። መንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ አንድ ቤት ቢቀስር እንግዳው ወደዚያ ይሄዳል። እኔ ጣታቸውን ወደ ቤቴ እንዲቀስሩ ለሰዎች ከፈልኩ። እሱ ወደ ቤቱ አዞራቸው።»

«እነዚህ ሰዎች ቤታችሁን ያውቁታል?» አሉ።

«አያውቁትም።»

«ሳያውቁት ነው የሚያመለክቱት?»

«ስለተከፈላቸው ነው።»

ሀይቻው ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩና ዳንኤልን ጠየቁት። ዳንኤል አልካደም። አንገቱን ደፍቶ፣ «የመምህር ደሞዝ አላኖር ስላለኝ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተከራከሩም። ጣቶቹ ለከፈለው ሰው ይመለሱ፣ እስኪመለሱም ሁለታችሁ ከአንድ ገበታ አትብሉ ብለው ፈረዱ።

ስንወርድ ዳንኤል መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ካፊያ ነበር። «ስማኝ ወንድሜ» አለ። «ሊንኮቹን አትውሰዳቸው። ሚኪ ትናንት ደውሎልኝ ነበር፤ መፈለጊያው በገንዘብ የተገዙ መሆናቸውን ደርሶበታል፣ የእኔን ገጽ አውጥቶ ጥሎታል። ዛሬ ብትፈልገኝ የለሁም። ወደ አንተ ካዞርኩት አንተንም ይጥልሃል። ሌላ ካሳ እክስሃለሁ።»

አየሁት። ልጅ ሆኖ ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ እንደወሸቀው ሁሉ ስልኩን ከዝናቡ ደብቆ ይዟል።

«አሁንም አንተ አንብበህ ልትነግረኝ ነው?» አልኩት። «የተፈረደልኝን ስጠኝ።»

«እውነቴን ነው።»

«ጁስ ቤቱም ውስጥ እውነትህን ነበር። ስጠኝ።»

ሰጠኝ። ሚኪ የዳንኤልን ገጽ የከፈተ ሁሉ በቀጥታ ወደ እኔ ገጽ እንዲሻገር አደረገው፤ ያን ሁሉ የተገዛ ጣት በአንድ ጊዜ ወደ እኔ አዞረልኝ። በዚያ ቀን ተማሪው ሲፈልግልኝ ወርቄ ማረፊያ ከላይ በኩል ነበር። ለስላሳ ገዛሁለት። አንሶላ አጥቤ ገመዴ ላይ ሰጣሁ፤ የተኛበት ሰው አልነበረም፣ ዳንኤል እንዲያየው ብዬ ነው።

ከዚያ ጠፋሁ። ተማሪው «ዲላ ማረፊያ» ብሎ ፈለገ፣ የለሁም። የእናቴን ስም ራሱን ጻፈ፣ የለሁም። ዳንኤልም የለም። ከእኛ በኋላ የተከፈተ፣ ለማንም ያልከፈለ አንድ ቤት አንደኛ ላይ ተቀምጧል።

ተመልሼ ሶንጎ ወጣሁ። ሁለተኛ ተታለልኩ አልኩ። ሀይቻው ሰምተው ሲያበቁ በእርጋታ ጠየቁኝ።

«የጠየቅኸውን ሰጠህ?»

«ሰጠኝ።»

«ያስቀረው አለ?»

«የለም።»

«ሲሰጥህ ‹ታሟል› ብሎህ ነበር?»

«ብሎኛል፤ እኔ ግን…»

«‹እኔ ግን› የሚለውን ተወው ልጄ። ጥጃው ታሟል እያለህ ገመዱን ከእጁ ጎትተህ ወሰድክ። ከብትህ ታመመ። አሁን ሌላ ጥጃ ከየት እናምጣልህ?»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። በቋንቋችን ስለሆነ ይህኛው ሳቅ አላለፈኝም። ዳንኤል ግን አልሳቀም። ቆሞ፣ «ስጽፍ እያየኝ፣ እንደማያነብ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት» አለ በሰው ሁሉ ፊት። ካሳው እሱ ነበር መሰለኝ፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ጎመንና ቅቤ ያለው ቆጮ በእንሰት ቅጠል ቀርቦልን ከአንድ ቅጠል በላን። ቅቤው የበዛው በእሱ በኩል ነበር።

ዛሬም ሁለታችንም በየቤታችን አለን። እንግዳ የሚያመጡልን የባጃጅ ሾፌሮችና አድረው የሄዱ ሰዎች ናቸው፤ ቤቱን አውቀው የሚያመለክቱ። የእኔ ሲሞላ ወደ እሱ እልካለሁ፣ የእሱ ሲሞላ ይልክልኛል። የፈረንጁን ፊደልም ከዚያ በኋላ ተማርኩ፤ ማንም ሳይረዳኝ ያነበብኩት የመጀመሪያ ቃል ዳኒ የሚለው ነው። ጠዋት ስነሳ ገመዱን አያለሁ። ዛሬ የእሱ አንሶላ ይበዛል። ይቅር ማለት ሌላ፣ አለማየት ሌላ ነው፤ እኔ የመጀመሪያውን ነው የቻልኩት።

ወጣቱ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ከዚህ በፊት አሠርተው ያውቃሉ እንዴ?»

«አውቃለሁ። ከሰው ጋር ተጣላሁበት። አሁን ግን አልቋል፣ ረስቼዋለሁ።»

«ቆየ?» አለኝ፣ ለመነሳት እያለ።

ላስብ እንኳ አልቻልኩም፤ ከአፌ ወጣ።

«ቅዳሜ፣ ግንቦት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.»